ስለ ጁዲ ቺካጎ ለተጻፈው ክስ፦ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ስለ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ስለ ጁዲ ቺካጎ ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩበትም፤ እኔም ማን እንደሆኑ ለማወቅ አልደከምኩም። ከአጻጻፋቸው ግን የወሎ ሰው እንደሆኑ፣ ከሥዕልም ጋር ሩቅ እንዳልሆኑ ያስታውቃል። የተነሱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሥዕል የሚማሩ የከተማችን ሴት ልጆች የዚህችን ሴት ስም ማንሳት ጀምረዋል። እሳቸው ደግሞ «አርአያ አታድርጓት» ማለት ፈልገዋል።

ክሳቸው ብዙ ነው። ስሟን የቀየረችው ለዝና ነው፤ ሙያ የላትም፤ ጥልፍና ሳህን ማስጌጥ ሥነ ጥበብ አይባልም፤ የሰው ጉልበት በነፃ በልታለች፤ ሴቶችን ለይታ በማስተማር አድልዎ ፈጽማለች፤ እናትነትን ትጠላለች፤ ሥራዋ ነውር ነው፤ ለወሎ ሰው ምኑም አይደለችም፤ ሥራዋም ዛሬ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሷል። አንዳንዱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው። አንዳንዱ ግን ረጋ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል። አንዱ ላይ ደግሞ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሠዓሊዋ የተወለደችው በ1939 ቺካጎ ከተማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የአባቷ ስም ኮኸን ነበር። ስታገባ የባሏን ስም ይዛ ጄሮዊትዝ ተባለች። ባሏ በ1963 በመኪና አደጋ ሞተ፤ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። በ1970 አርትፎረም በተባለው የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣች። በወንዶች የበላይነት የተጫኑብኝን ስሞች ሁሉ ጥያለሁ፣ ከእንግዲህ ጁዲ ቺካጎ ነኝ አለች። የእኛ አገር ሴት ብታገባም የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቅብጠት ሊመስል ይችላል። እዚያ ግን ሴት ልጅ ከአባት ስም ወደ ባል ስም እየተሸጋገረች ነበር የምትኖረው። ዝናስ አልፈለገችም? ፈልጋለች እንጂ! በዚያው ዓመት የቦክስ ጓንት አጥልቃ ሪንግ ውስጥ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ለኤግዚቢሽኗ ማስታወቂያ ሆኖ ወጥቷል። ዝና የማይፈልግ ሠዓሊ የሚያውቅ ካለ ያስተዋውቀኝ።

«ሙያ የላትም፣ ጩኸት ብቻ ናት» የሚለው ግን ጨርሶ የማይሆን ነው። ዩሲኤልኤ በሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ተምራ በ1964 ማስተርሷን ያዘች። ከዚያስ የት ሄደች? የመኪና ቦዲ ትምህርት ቤት ገባች። ደሴ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራና ቀለም ቀቢ የሚሠሩትን ሥራ ማለት ነው። ስፕሬይ መርጨትን እዚያ ተማረች፤ የመኪና ኮፈንም አንዱ ሥራዋ ሆነ። ጀልባ አሠራር ተማረች። ባለቀለም ጭስ በሜዳ ላይ ለመልቀቅ ስትፈልግ ደግሞ የርችት ሙያ ተማረች። በ1966 ኒው ዮርክ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም ስመ ጥር የቅርጻ ቅርጽ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የእሷም ሥራ ተመርጦ ቀርቧል። ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ሥራዋን አልወደድኩትም ማለት ይቻላል። ሙያ የላትም ማለት ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ጥልፍና ሳህን ማስጌጥ የእጅ ሥራ ነው፣ ሥነ ጥበብ አይደለም» ይላሉ።

እዚህ ላይ ያላዩትም እንዲከተሉኝ ሥራውን ልግለጽ። «የእራት ግብዣ» ይባላል። ከ1974 እስከ 1979 የተሠራ ነው። ባለ ሦስት ጎን ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ እያንዳንዱ ጎን ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። በየጎኑ 13፣ በድምሩ 39 ሴቶች ተጋብዘዋል፤ ከጥንት እንስት አማልክት ጀምሮ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ። የጥንቷ ግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት አለች። ለእያንዳንዷ ሳህን፣ ዋንጫ፣ ሹካና ማንኪያ፣ ከሥሩም በጥልፍ የተሠራ ጨርቅ ተዘርግቶላታል። ጥልፉ በሴትዮዋ ዘመንና አገር የነበረውን የአሠራር ዘዴ የተከተለ ነው። ጠረጴዛው የቆመበት ነጭ ወለል ላይ ደግሞ የሌሎች 999 ሴቶች ስም በወርቅ ቀለም ተጽፏል።

እንግዲህ ጸሐፊው የከሰሱበት ነገር ሠዓሊዋ አውቃ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ሸክላ ላይ መሳል አሜሪካ ውስጥ የቤት እመቤቶች ማሳለፊያ ተደርጎ ይናቅ ነበር። እሷ ያን የተናቀ ሙያ ከባለሙያ ሴቶች ሄዳ ተማረች። ከዚያ ሙዚየም ውስጥ አስገብታ «ይህንን ማን ነው ከሥነ ጥበብ ተራ ያስወጣው?» አለች። ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ይጽፍ የነበረው ሐያሲ ሂልተን ክሬመር ሥራውን አጣጥሎ ጽፏል። የእሱ ቃና የእኛን ጸሐፊ ቃና ይመስላል። አርባ ዓመት አልፎ ደሴ ላይ መሰማቱ ይገርማል።

የእኛውን እንይ። ስፌት የምትሰፋ የወሎ እናት ስንደዶዋን አዘጋጅታ፣ አክርማዋን አቅልማ፣ አለላውን በየቀለሙ ለይታ ነው ወስፌ የምታነሳው። ንድፉን ወረቀት ላይ አትነድፍም። በጭንቅላቷ ነው የምትቆጥረው። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጌጡ እንዳይዛነፍ የት ላይ እንደምትጨምር፣ የት ላይ ቀለም እንደምትቀይር ታውቃለች። አንድ ቦታ ብትሳሳት ስህተቱ የሚታያት ከብዙ ዙር በኋላ ነው፤ ያኔ መፍታት ነው ያለባት። ይህ ጂኦሜትሪ ነው፤ ቀለም ነው፤ ትዕግሥት ነው። አንድ ወጣት ያንኑ ንድፍ ሸራ ላይ በአክሪሊክ ቢስለው ጋለሪ ይሰቅልለታል። እሷ ግን ሰኞ ገበያ አውጥታ ስትሸጠው ደንበኛው «ቀንሽልኝ እንጂ እናቴ» ይላታል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም ብዙዎቹ አይፈርሙም ነበር የሚል ይኖራል። ልክ ነው። የእነሱ ሥራ ግን ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ሰው ተሳልሞታል፣ ምሁር ጽፎበታል፣ ቱሪስት ሊያየው ባሕር ተሻግሯል። መሶቡ እንጀራ ተበልቶበት ሲያረጅ ይጣላል። ሙዚየም ቢገባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ስም እንጂ የሠሪዋ ስም አይጻፍበትም። በ2021 በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሁላችንም ስለ ቅርሱ አዘንን። የሠሪዋ ስም ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ግን ሠሪዋም አብራ ነው የምትጠፋው። ይህንን ያሰበበት ጥቂት ሰው ይመስለኛል።

ይህ ነገር ወደ ጸሐፊው ቀጣይ ክስ ይወስደኛል። «የ400 ሰው ጉልበት በነፃ በልታ ስሙን ለብቻዋ ወሰደች» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው በከፊል ልክ ናቸው ያልኩት። ሥራውን ብቻዋን ጀመረችው። እየከበደ ሲሄድ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጥቂት ወንዶችም፣ በየጊዜው እየገቡ አገዟት። ብዙዎቹ አልተከፈላቸውም። ገንዘቡም አልነበረም። ነገሩን ወሎ ላይ አስቀምጬ ሳየው ልዩነቱ ይታየኛል። ደቦ ሲጠራ ሰው ጠላውን ጠጥቶ፣ ዘፍኖ፣ አጭዶ ይሄዳል፤ ምርቱ የጠሪው ነው። ወንፈል ከሆነ ግን ዛሬ የአንቺ፣ ነገ የእኔ ነው። የቺካጎ ስቱዲዮ ወንፈል አልነበረም፤ ደቦ ነበር። ምርቱ በእሷ ስም ገባ። ይህንን የሚያነሳ ሰው ሊሰማ ይገባዋል።

ግን ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ከ«የእራት ግብዣ» ጋር አብረው የሚታዩ ሰሌዳዎች አሉ። የሠሩት ሰዎች ስም ከነፎቶአቸው ተለጥፎባቸዋል። በዚያ ዘመን የትኛው ታላቅ ወንድ ቀራጺ ነው የረዳቶቹን ስም እንዲህ የለጠፈው? ነሐሱን ያቀለጠለትን፣ ድንጋዩን የጠረበለትን ሰው ማን ያውቀዋል? ገንዘብ አልከፈለችም ብሎ መውቀስ ይቻላል፤ ስማቸውን ቀበረች ብሎ መውቀስ ግን ሐሰት ነው።

«ሴቶችን ለይታ አስተማረች፤ ይህ አድልዎ ነው።» በ1970 ካሊፎርኒያ በሚገኘው በፍሬስኖ ስቴት ኮሌጅ 15 ሴት ተማሪዎችን ይዛ የፌሚኒስት የሥነ ጥበብ ትምህርት ጀመረች። ከግቢው ውጪ ቦታ ተከራይተው ስቱዲዮውን በገዛ እጃቸው አደሱት። መዶሻ ይዘው የማያውቁ ልጆች ግድግዳ አቆሙ። ክብ ሠርተው ተቀምጠው ተራ በተራ ስለ ኑሯቸው ያወሩ ነበር፤ ሥዕሉ የሚነሳው ከዚያ ወሬ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከሠዓሊዋ ሚርየም ሻፒሮ ጋር ሆና ትምህርቱን ካልአርትስ ወደተባለው ተቋም ወሰደችው። በ1971 መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ ሊፈርስ የተተወ አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ወሰዱ። «የሴት ቤት» አሉት። የተሰበረ መስኮት ቀየሩ፣ ግድግዳ ቀቡ፣ እያንዳንዱን ክፍል የሥነ ጥበብ ሥራ አደረጉት። ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የአንሶላ ቁም ሳጥኑ ሳይቀር። አንዷ ተማሪ ሙሽራ የምትወርድበትን ደረጃ ሠራች። በ1972 ሲከፈት ብዙ ሺህ ሰው መጥቶ አየው። በ1973 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሎስ አንጀለስ ላይ የሴቶች የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተች። ማዕከሉ እስከ 1991 ድረስ ቆይቷል።

ለምን ለብቻቸው? ወንዶቹ ባሉበት ክፍል ሴቶቹ ዝም እንደሚሉ ስላየች ነው። መምህር የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዛሬም ደሴ ላይ ወንድና ሴት ቀላቅሎ ያስተማረ ሰው እጅ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ይንገረን። ደግሞ ለይቶ ማስተማር ለወሎ ሰው አዲስ ሆኖበት ነው? በ1931 አዲስ አበባ ላይ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱት እቴጌ መነን የአምባሰል ሰው ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስህን። የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ስንዱ ገብሩ በ1957 ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል። ደሴ ላይ ስንቱ ትውልድ የተማረበት ትምህርት ቤትም በወይዘሮ ስህን ስም ነው የሚጠራው። ጸሐፊው ምናልባት እዚያው ተምረው ይሆናል።

ወንዶችን አጥብቃ አገለለች ለሚለው ደግሞ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኬንታኪ ውስጥ ያንኑ «የሴት ቤት» የሚመስል ሥራ ስትሠራ ወንድ ተማሪዎችም ነበሩበት። ያስተማረችውም ከባሏ ከፎቶግራፍ ባለሙያው ዶናልድ ዉድማን ጋር ሆና ነው። ይህንን ለመጻፍ ቦታ ጠፋ መሰለኝ።

«እናትነትን ትጠላለች» የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ከ1980 እስከ 1985 ድረስ የሠራችው ነገር ምን ነበር? ስለ መውለድ! በምዕራቡ ሥዕል ውስጥ ጦርነት ሞልቷል፣ ስቅለት ሞልቷል፤ ምጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህን አይታ ንድፍ አወጣች። ከ150 የሚበልጡ ጥልፍ ሠሪዎች ንድፉን ተቀብለው በየቤታቸው ሠሩት። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እስከ ኒውዚላንድ ድረስ። ብዙዎቹ ልጅ ታቅፈው፣ ወጥ ጥደው ነው የሚጠልፉት። እሷ ራሷ አልወለደችም፤ ይህ ምርጫዋ ነው። የወለዱትን ግን ጠይቃ፣ ሲያምጡ ገብታ አይታ ነው የሠራችው። ወሎ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም። ክርስቲያኑ ቤት «ማርያም ማርያም» ይባላል፤ እስላሙ ቤት ዱዓ ይደረጋል፤ ወሎ ነውና ሁለቱም ከአንድ ግቢ ሊሰማ ይችላል። ያ ጭንቅና ያ ደስታ በሥዕል የት አለ? በጥልፍ የት አለ? እስቲ ጸሐፊው አንድ ያሳዩን።

«ነውር ነው» ወደሚለው ልለፍ። ሳህኖቹ ላይ ያሉት ቅርጾች ቢራቢሮ፣ አበባና የሴት ብልት ያስታውሳሉ። አልክድም፤ እሷም አልካደችም። በ1990 ሥራውን ዋሽንግተን ላለው ለኮሎምቢያ ዲስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ልትሰጥ ስትል የአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ጉድ ፈላ። አንድ አባል ተነስቶ በሸክላ የተሠራ ልቅ ወሲብ ነው አለ። ምክር ቤቱም ከዩኒቨርሲቲው በጀት 1.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስ ድምፅ ሰጠ። እሷ ስጦታውን አነሳች። እንግዲህ ነውር የሚለው ክስ ከእኛ ባህል ብቻ የመጣ አይደለም፤ ዋሽንግተንም ተብሏል። ከኛ ባህል ጋር የተያያዘውን ግን ልናገር። ወሎ ፊት ለፊት የማይባለውን በስንኝ የሚል አገር ነው። ማታ ማሲንቆ ሲገረፍ የሚወርደውን ግጥም ሰምቶ የማያውቅ ካለ እሱ ይፍረድ። የእኔን ጣዕም ከጠየቃችሁኝ ሳህኖቹን ሁሉ አልወዳቸውም። አንዱ ሌላውን ይደግማል። ጥልፉ ከሳህኑ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሚገርመው ጸሐፊው ዋናውን ወቀሳ አለማንሳታቸው ነው። ከ39ኙ ተጋባዦች መካከል ጥቁር አሜሪካዊት አንዷ ብቻ ናት፤ ከባርነት አምልጣ ለነፃነት የታገለችው ሶጆርነር ትሩዝ። የአብዛኞቹ ሴቶች ሳህን ላይ ያ የአበባ ቅርጽ ሲደረግ የእሷ ሳህን ላይ ግን ፊቶች ተሣሉ። ጥቁር ሴት ጸሐፊዎች ይህን አይተው ገና ከመጀመሪያው ተቆጡ። ለእናንተ ሴትነት፣ ለእኛ መከራ ብቻ ነው ወይ አሉ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ለሴቶች ሁሉ የተዘረጋ ማዕድ ነው ተብሎ አፍሪካና እስያ በጣት የሚቆጠር መቀመጫ ማግኘታቸው ጉድለት ነው። የሥዕል ተማሪ ሴት ልጆቻችን ሊወያዩበት የሚገባው ይኼ ነበር። ጸሐፊው ግን ስሟና ሳህኑ ላይ ቆሙ።

«ለወሎ ምኗ ነው?» ለተባለው፣ እኔ ጥያቄውን ገልብጬ ማየት ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ ማዕድ እዚህ ቢዘረጋ ማን ይቀመጥበታል? ላሊበላ ላይ ቤተ አባ ሊባኖስን ለባሏ ለንጉሥ ላሊበላ መታሰቢያ አሠራችው ተብሎ በትውፊት የሚነገርላት መስቀል ክብራ አለች። የወረሂመኖዋ ገዥ ወርቂት አለች። በ1865 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ ይዛ ለቴዎድሮስ ልትመልሰው ትችል ነበር። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ታግቶ ነበርና። እሷ ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም ልጇን ገደለባት። ይህቺን ሴት ስንቱ ወሎዬ ያውቃታል? ወይዘሮ ስህን፣ እቴጌ መነን። አምባሰልን በድምፅዋ ያስዋበችው ማሪቱ ለገሠ። እነዚህ ስማቸው የተረፈላቸው ናቸው። ከዚያ ደግሞ ወለሉ ላይ የሚጻፉት፤ ስፌት ሰፊዎቹ፣ ፈታዮቹ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ፣ በዱዓቸው የሚታወቁት ዱበርቲዎቹ። አንድ የሥዕል ክፍል ተማሪዎችን ደብተር አስይዞ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ወገልጤና ቢልካቸው፣ እያንዳንዱ ተማሪ የአንዲት ሰፊ እናት ስምና የንድፎቿን ዓይነት ጽፎ ቢመለስ ብዙ ወጪ የለውም። ቺካጎም ስትነሳ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ብዙ ረዳቶቿ ጥልፍ ከመጥለፋቸው በፊት ቤተ መጻሕፍት ገብተው የሴቶችን ታሪክ ሲያገላብጡ ነበር።

የቀረው የመጨረሻው ክስ ነው፤ ሥራው «ሙዚየም የናቀው፣ መጋዘን የቀረ» መባሉ። መጋዘን ገብቶ ነበር፤ እውነት ነው። በ1979 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲከፈት በሦስት ወር ውስጥ ወደ 100,000 ሰው አየው። ከዚያ ሊያሳዩት ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሙዚየሞች ሰረዙ። በየከተማው ያሉ ሰዎች ገንዘብ እያዋጡ አሳዩት። ስድስት አገሮችን ዞሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመልካች አገኘ። ለብዙ ዓመታትም ታሽጎ ተቀምጧል። ከ2007 ወዲህ ግን ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ የራሱ ክፍል ተሰጥቶት በቋሚነት ተዘርግቷል። የወሎ ልጅ የሌለበት የአሜሪካ ከተማ የለምና ጸሐፊው ብሩክሊን አካባቢ ላለ ዘመድ አንድ ደውለው «እስቲ ሄደህ እይልኝ» ማለት ይችላሉ።